ጥያቄና መልስ፦ አሜሪካ መጠጥን ከልክላ ለምን ተመለሰች?

የዛሬው ጥያቄና መልስ አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 1920 እስከ ዲሴምበር 1933 ስለቆየው የአልኮል እገዳ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ እንዲህ ከጠላው መጀመሪያውኑ እንዴት ጸደቀ?

ያኔ አልጠላውም። ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱ 18ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቀዋል፤ እምቢ ያሉት ኮኔቲከትና ሮድ አይላንድ ብቻ ናቸው። ባል ደመወዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ባዶ እጁን ሲገባ ያየች ሚስት ሁሉ የእገዳው ደጋፊ ነበረች። አንደኛው የዓለም ጦርነትም ረዳው፤ ትልልቆቹ ቢራ ጠማቂዎች የጀርመን ዝርያ ያላቸው ስለነበሩ ቢራ ራሱ የጠላት ወገን መሰለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የገቢ ግብሩን ነው። ከ1913 በፊት የፌዴራል መንግሥቱ ገቢ ሲሶ ገደማ ከመጠጥ ቀረጥ ይመጣ ነበር። የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ከተፈቀደ በኋላ መንግሥት ያለ መጠጥ ቀረጥም መኖር ቻለ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድጋፉ መሰንጠቅ የጀመረው የት ላይ ነው?

0.5 በመቶ ላይ። ማሻሻያው የከለከለው «የሚያሰክር መጠጥ» ነው። ብዙ ደጋፊ ይህ ማለት ዊስኪና ብራንዲ እንጂ ቢራና ቀለል ያለ ወይን አይደለም ብሎ ነበር የተቀበለው። በኦክቶበር 1919 የፕሬዚዳንት ዊልሰንን ተቃውሞ አልፎ የወጣው የቮልስቴድ ሕግ ግን ከ0.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን ሁሉ «የሚያሰክር» አለው። በዚህ ልኬት የእኛ ቀጭን ጠላ እንኳ አያልፍም።

ሌላው ቁስል ሕጉ መጠጣትን አለመከልከሉ ነው። የተከለከለው ማምረት፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ፣ ማስገባትና ማስወጣት ነበር። ከእገዳው በፊት ገዝቶ ምድር ቤቱን በሣጥን የሞላ ሀብታም በቤቱ ለዓመታት በሕጋዊ መንገድ ጠጥቷል። ከሥራ ሲወጣ አንድ ብርጭቆ ቢራ የሚገዛው ሠራተኛ ግን በማግስቱ ምንም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጣ ግማሹ ከዚህ የተወለደ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በሐኪም ማዘዣ ዊስኪ ይሸጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሐኪም ለአንድ ታማሚ በየ10 ቀኑ አንድ ፓይንት፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ገደማ፣ መንግሥት ባሳተመው ቅጽ ሊያዝ ይችላል፤ ፋርማሲው ይሸጣል። ለቤተ እምነት የሚሆን ወይንም ተፈቅዶ ነበር።

ትልቁ ቀዳዳ ግን የፍራፍሬ ጭማቂ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 200 ጋሎን (757 ሊትር) በቤቱ ማዘጋጀት ይችል ነበር። የካሊፎርኒያ አምራቾች መንገዱ የማያበላሸውን ወፍራም ቅርፊት ያለው አሊካንቴ ቡሼ የተባለ ወይን በባቡር ይጭኑ ጀመር። ደርቆ እንደ ጡብ የተጠፈጠፈ ወይንም ይሸጥ ነበር፤ በአንድ ጋሎን ውኃ በጥብጡት ይልና፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት ገደማ ቁም ሣጥን ውስጥ «እንዳታስቀምጡት፣ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም!

ቤት ውስጥ የሚሠራው መጠጥ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ወይኑ አየር ከገባበት ይኮመጥጣል። ከብቅል ሽሮፕ፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚጠመቀው ቢራ ደግሞ መፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ ጋዙ መውጫ ያጣና ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሆን ብሎ አልኮል መርዟል ይባላል። ወይስ ሰው የሞተው በቤት አረቄ ነው?

ከእህል የሚወጣ አረቄ ሜታኖሉ ጥቂት ነው። ብዙውን ጉዳት ያደረሰው የፋብሪካ አልኮል ነው። ከ1906 ጀምሮ ለቀለም፣ ለማሟሟያና ለመሳሰሉት የሚሆን አልኮል እንዳይጠጣ የሚያደርግ ነገር ከተጨመረበት ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። በእገዳው ዘመን ኮንትሮባንዲስቶች ይህንኑ እየሰረቁ እንደገና ያጣሩት ጀመር። መንግሥት ደግሞ በ1926 መጨረሻ የሜታኖሉን መጠን ከፍ የሚያደርግ ቀመር አዘዘ።

ማጣራቱ ለምን አልሠራም? ሜታኖል በ65 ዲግሪ፣ የሚጠጣው አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። ይህን ያህል ተቀራርበው በጓሮ የአረቄ ማውጫ ንጹሕ አድርጎ መለየት አይቻልም። ጠጪው መጀመሪያ የተለመደ ስካር ይሰማዋል። ጉበት ሜታኖሉን ወደ ፎርሚክ አሲድ ለመቀየር ሰዓታት ይወስዳል፤ ዓይን ሲፈዝ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

የኒው ዮርክ ከተማ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቻርልስ ኖሪስ መንግሥት ሰው እንደሚጠጣው እያወቀ መርዝ መጨመሩን ቀጥሏል ብሎ በይፋ ወነጀለ። የእገዳው ዋና አቀንቃኝ ዌይን ዊለር፣ የፋብሪካ አልኮል የሚጠጣ ሰው ራሱን እንዳጠፋ ይቆጠራል ብሎ መለሰ። እገዳው የተሰበከው ነፍስ ለማዳን ነበርና ከዚህ የባሰ መልስ ለወገኑ ሊሰጥ አይችልም ነበር።

በ1930 ደግሞ የድሆች «መድኃኒት» የነበረው የጃማይካ ዝንጅብል ጭማቂ ውስጥ የፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካል ተቀላቅሎ የብዙ ሺህ ሰዎችን እግር ሽባ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ለምን ቢራ ቀርቶ ጠንካራ መጠጥ በዛ?

የጭነት ጉዳይ ነው። አንድ መኪና ዊስኪ የያዘውን አልኮል በቢራ ለማጓጓዝ አሥር መኪና ያህል ያስፈልጋል። ለመያዝ አደጋው አንድ ከሆነ ማን ቢራ ይጭናል?

ጥያቄ፦ የሕጉ አስፈጻሚዎች ምን ይሠሩ ነበር? የቺካጎው የወንበዴዎች አለቃ አል ካፖንስ?

በመጀመሪያው ለመላ አገሪቱ የተመደቡት የፌዴራል ወኪሎች 1,500 ገደማ ነበሩ። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ እስከ 1927 ድረስም በትውውቅ እንጂ በሲቪል ሰርቪስ ፈተና አልተቀጠሩም። ጉቦው ከዚያ ይከተላል። ሜሪላንድ የራሷን ማስፈጸሚያ ሕግ ጨርሶ አላወጣችም፤ ኒው ዮርክ በ1923 የነበራትን ሻረች። ፍርድ ቤቶች በመዝገብ ብዛት ሲታነቁ «የቅናሽ ቀን» ጀመሩ፤ ተከሳሹ ጥፋቱን ያምናል፣ ትንሽ ቅጣት ከፍሎ ይወጣል።

መልሱ ማጥበቅ ሆነ። በ1929 የወጣው የጆንስ ሕግ ቅጣቱን እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር አደረሰው። ሚሺጋን ውስጥ በተደጋጋሚ ወንጀለኞች ላይ በወጣው የግዛቱ ሕግ በ1928 የ10 ልጆች እናት በጥቂት መጠጥ ምክንያት ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ደካማ አስፈጻሚና ጨካኝ ቅጣት አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያዘው ምስኪኑ ብቻ ነው፤ ሰውም ይህን አየ።

ስለ ካፖን የሚወራው ተጋኗል። በ1929 በቺካጎ በቫለንታይን ቀን የተገደሉት 7 ሰዎች አገሩን አስደንግጠዋል፤ እሱ ግን በ1931 የተፈረደበት በግብር ስወራ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች ለእገዳው ታግለው አልነበር? በኋላ ለምን ዞሩ?

ፖሊን ሴቢን ራሷ ደጋፊ ነበረች። በ1929 ለመሻር የሚታገል የሴቶች ማኅበር መሠረተች፤ አባላቱ ከአንድ ሚሊዮን አለፉ። ክርክሯ ብልህ ነው፦ የእገዳውን ወገን መከራከሪያ፣ ማለትም ቤትንና ልጆችን፣ ወስዳ ገለበጠችው። ልጆች ሕግ ሲጣስ፣ ወላጅ ሲዋሽ እያዩ እያደጉ ነው አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ፖለቲከኛ «ሴቶች አይመርጡኝም» ብሎ የሚፈራበት ምክንያት አልቀረም።

ጥያቄ፦ የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ ባይመጣስ?

ቶሎ አይሻርም ነበር። መሻሩን ለማስቀረት 13 ግዛቶች እምቢ ቢሉ ይበቃ ነበር፤ የቴክሳሱ ሴናተር ሞሪስ ሼፐርድ በ1930 ዕድሉን የዋሽንግተንን ሐውልት በጭራዋ አስራ ማርስ ከምትበር ትንሽ ወፍ ጋር አነጻጽሮት ነበር። አሁን ወደ ገቢ ግብሩ እንመለስ። ሥራ ሲጠፋ የገቢ ግብሩ ከግማሽ በታች ወረደ፤ መንግሥትም የተወውን የመጠጥ ቀረጥ አስታወሰ። በኤፕሪል 7, 1933 በክብደት 3.2 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ በበርሜል 5 ዶላር ቀረጥ ተፈቀደ። ማሻሻያውን ለመሻር ደግሞ ገጠሩ ከቁጥሩ በላይ ድምፅ የነበረባቸውን የግዛት ምክር ቤቶች ትተው ለዚሁ በተመረጡ ጉባኤዎች አስወሰኑ። ዩታ 36ኛ ሆና በዲሴምበር 5 ጨረሰችው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ መጠጣት ጭራሽ አልቀነሰም?

ቀንሷል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም። በጉበት መጠንከር የሚሞተው ሰው ቁጥርም ወርዷል። በኋላ ፍጆታው እንደገና ወጣ፤ ግን ከእገዳው በፊት ወደነበረበት አልደረሰም። «ምንም አልሠራም» የሚሉት ተሳስተዋል፤ የሠራበት ዋጋ ነው ያልተወደደው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ዛሬም መጠጥ የማይሸጥበት ካውንቲ ያለው ለምንድን ነው?

21ኛው ማሻሻያ የሻረው የፌዴራሉን እገዳ ነው፤ ውሳኔውን ለግዛቶች ተወላቸው። ሚሲሲፒ እስከ 1966 በመላው ግዛቷ ከልክላ ቆይታለች። ሌሎች ደግሞ ለካውንቲዎች አሳለፉት።