አንድ ሲሊንደር ስለደከመ ሞተሩ ይውረድ?

ላይኮሚንግ ኦ-320 የአውሮፕላን ሞተርዎ ከመጨረሻው እድሳት ወዲህ 1,600 ሰዓት ሠርቷል፤ 13 ዓመትም አልፎታል። ሲሊንደሮቹ አየር ምን ያህል እንደሚይዙ በሚለካው የኮምፕሬሽን ምርመራ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ሲሰጣቸው ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ74 በላይ ሲይዙ አንዱ 58 ላይ ቀረ። መካኒኩ «ሞተሩ በሙሉ ይውረድ» ስላለዎት ምን ይሻላል ብለው ጠይቀዋል።

እኔ ለአንድ ሲሊንደር ብዬ ሙሉ ሞተር አላወርድም። ከ60 በታች መውረዱ የሚናቅ አይደለም፤ ግን የጎደለው 22 በየት እንደወጣ መጀመሪያ ያዳምጡ። አየሩ በጭስ ማውጫው ካፏጨ ጥፋቱ የጭስ ቫልቩ ነው፤ በካርቡሬተሩ ከተሰማ የመግቢያው ቫልቭ፤ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ የፒስተን ቀለበቶቹ። (ፕሮፔለሩን ጠንካራ ሰው ይያዘው፤ ያ አየር ክንድ ይሰብራል።) ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ቦሮስኮፕ (ቀጭን የመመልከቻ ካሜራ) አስገብተው የጭስ ቫልቩን ይዩት። ጤነኛ ከሆነ ፊቱ ላይ ያለው ቀለም መሐሉን ከብቦ እኩል ይዞራል፤ መቃጠል ከጀመረ አንዱ ጠርዝ ቀለሙ ይለያል። ቫልቮቹ ደህና ከሆኑ አንድ ሰዓት ያህል በረው፣ ሳይበርድ ደግመው ይለኩ። የፒስተን ቀለበቶቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር ተገጣጥመው ከሆነ ቁጥሩ ተሻሽሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ካልተሻሻለ ያው ሲሊንደር ብቻ ይውጣ።

እኔን ያሳሰበኝ ከ58ቱ ይልቅ 13 ዓመቱ ነው። አምራቹ ለእድሳት 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት የሚለው በከንቱ አይደለም። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ተንጠባጥቦ ያልቅና ዝገት ይጀምረዋል። አንድ ጊዜ 900 ሰዓት ብቻ የሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የኖረ ሞተር ገጠመኝ። ሲሊንደሮቹ በሙሉ ከ75 በላይ ነበሩ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጬ ወረቀቱን በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ ሳጥበው፣ ማግኔቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ብናኝ ለቅሞ ተነሣ። ሲከፈት የካምሻፍቱ ጉብታና በእሱ ላይ የሚንሸራተቱት የታፔቶቹ ፊት በፈንጣጣ የተመታ ይመስል ነበር። ኮምፕሬሽን ይህን አይነግርም።

በየሳምንቱ መሬት ላይ ማስነሣትም መፍትሔ አይደለም። ዘይቱ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ በበረራ ካልቆየ ውስጡ ያለው እርጥበት አይወጣም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት በረረ? ፊልትሮው ሲቆረጥስ ምን ተገኘበት? እነዚህን ይጻፉልንና እንቀጥላለን።