ሌቮዶፓ በደም ሥር ለምን ይሰጣል?

«ክኒኑ እያለ ተመራማሪዎች ሌቮዶፓን በደም ሥር የሚሰጡት ለምንድን ነው? ደግሞስ ዶፓሚኑን ራሱን ለምን አይሰጡም?» ላሉት ጠያቂ፦

ሌቮዶፓ እንቅስቃሴን ለሚያውከው የአንጎል ሕመም፣ ለፓርኪንሰን፣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ዶፓሚን ደግሞ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ዶፓሚን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን አሚኖ አሲዶች በሚሻገሩበት በር ገብቶ እዚያው ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።

ክኒኑን የሚያስቸግረው ሆድ ነው። ጨጓራ አንድ ቀን ቶሎ፣ ሌላ ቀን ዘግይቶ ያወርደዋል፤ ሥጋ ወይም ሽሮ ከተበላ ደግሞ የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች በዚያው በር ይጋፉታል። በደም ሥር በዝግታ ሲሰጥ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን የተረጋጋ ስለሚሆን፣ በአንጎል የታየው ለውጥ ከምን ያህል መድኃኒት እንደመጣ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይህን ለውጥ ከአንጎል ውጭ የሚገታ ካርቢዶፓ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ አለበለዚያ ሌቮዶፓው ከአንጎል ውጭ ዶፓሚን ሆኖ ያቅለሸልሻል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪዎቹ ቢርክማየር እና ሆርኒኪየቪች ቪየና ውስጥ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ሌቮዶፓን የሰጡት በደም ሥር ነበር። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ተነሡ፤ ቆመው መራመድ ያልቻሉት ተራመዱ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ይደንቀኛል። ውጤቱ ግን ከአንድ ቀን ያህል በላይ አልቆየም። መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟም በመርፌ ማዘጋጀቱ አስቸጋሪ ነው።