ሌባው ሲያመልጥ ለምን አጨበጨብኩ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አባቴ የድሮ የሆሊውድ ፊልም ይወዳል፤ አብሬው ሳይ ክፉው ሰው መጨረሻ ላይ ወይ ይሞታል ወይ ይታሰራል። እኔ በስልኬ የማያቸው ላይ ግን ብሩን ይዞ ላሽ ይላል። ባለፈው አንዱ ዘበኛ ገድሎ ባንክ ዘርፎ ሲያመልጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ኃጢአት ነው? የአባቴ ፊልሞችስ ለክርስቲያን ይሻላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭብጨባዋን አለመደበቅህ ደስ ብሎኛል።

ከአባትህ ልጀምር። በእነዚያ ፊልሞች ክፉው የሚቀጣው ሠሪዎቹ ሁሉ ፈሪሃ እግዚአብሔር ስላላቸው አይደለም። የሆሊውድ ፊልም ሠሪዎች የሚገዙበት ደንብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ወጣ፣ ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ አለ፣ በ1968 ቀረ። ካረቀቁት አንዱ ዳንኤል ሎርድ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ነው፤ ደንቡም የተመልካች ልብ ወደ ወንጀለኛው እንዳያደላ ያዝዛል። እና ምን ሆነ መሰለህ፣ «ዘ ባድ ሲድ» የሚባል ቴአትር ነበር፤ ሰው የምትገድል ትንሽ ልጅ መጨረሻ ላይ ምንም ሳትሆን ትተርፋለች። በ1956 ፊልም ሲሆን ይሄ አይፈቀድም፣ ስለዚህ መብረቅ አወረዱባት። እሱም አልበቃቸውም መሰለኝ፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተዋንያኑ ሲተዋወቁ እናት ሆና የሠራችው ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ስትገርፋት ያሳያሉ!

እኔ ይህን መብረቅ አልወደውም። እግዚአብሔርን በቀጠሮ የሚመታ ያስመስለዋል። ጌታ ግን የሰሊሆም ግንብ ስለወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም ብሏል። አሳፍም በመዝሙር 72 የክፉዎችን ድሎት አይቶ ቀንቶ ነበር፤ ወደ መቅደስ ገብቶ ፍጻሜያቸውን እስኪያስተውል ድረስ። አሳፍ «ፍጻሜ» ያለው ፊልሙ የሚያልቅበትን ደቂቃ አይደለም።

ደግሞ እኛም የሚያመልጥ ክፉ ሰው ታሪክ አለን እኮ። በላዔ ሰብ 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። የካቲት 16 ስንሰማው እልል እንላለን። ግን የተበሉት አልተረሱም፣ ነፍሳቸው ከውኃው ጋር ሚዛን ላይ ተቀምጦ ነው የተፈረደው። ያንተ ፊልም ላይ ሚዛን የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካሜራው ከሌባው ጋር ነው፤ የልጅነቱን ችግር፣ የእናቱን ሕመም፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ አይተሃል። ዘበኛው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ተመታ፣ አለቀ። ስሙን ታውቀዋለህ? ማታ ቤት የሚጠብቀው ማን ነበር? ልብህን የወሰደው የሌባው ማምለጥ ብቻ ሳይሆን ያኛው ሰው እንዳልነበረ መደረጉ ነው፤ ይሄ ደግሞ የአሠራር ጥበብ ነው፣ አንተም ተሸወድክ።

ስለዚህ ኃጢአት ነው ወይ ላልከኝ፣ በአንዷ ጭብጨባ እንቅልፍ አትጣ። ነገር ግን መሥሪያ ቤትህ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብ የበላው «አራዳ» ሲባል አብረህ የምትስቅ ከሆነ፣ እሱን ለንስሐ አባትህ ንገር።

ያንን ፊልም ከቻልክ ከአባትህ ጋር ድጋሚ እየው፣ ዘበኛው ጋ ስትደርሱ አቁመህ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅ ይኖረዋል?» በለው። የሚመልስልህን ጻፍልኝ።