በነጥቦቹ መሃል ምን አለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 10ኛ ክፍል ነው። ሠንጠረዡን በትክክል ይሞላል፣ ነጥቦቹንም ቦታቸው ላይ ያስቀምጣል። ግራፉ ግን ሁሌ ስህተት ነው ይባላል፤ እሱም ተስፋ ቆርጧል። የለጠፍሽውን የደብተሩን ፎቶ አየሁት። ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኝቷቸዋል።

አብሽሪ። እዚህ ደሴ ማታ ማታ ተማሪ ሳስጠና ዓመታት አልፈዋል፤ ጎበዞቹም እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ሠንጠረዡ አምስት ነጥብ ስለሚሰጣቸው ግራፍ ማለት እነዚያ አምስቱ ይመስላቸዋል። መስመሩን እንደ ማያያዣ ክር ያዩታል። መስመሩ ግን ራሱ ነጥብ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። እኩልታውን እውነት የሚያደርግ ነጥብ ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ የማያደርግ አንድም የለበትም።

ይሄን በቃል ብትነግሪው አይያዝለትም። የራሱን ጥያቄ ያዢ፤ ዋይ = ኤክስ² − 4ኤክስ + 3 ነው። ኤክስ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሲሆን ዋይ 3፣ 0፣ −1፣ 0፣ 3 ይመጣል። እስከዚህ ልክ ነው። አሁን ኤክስ 1.5 ሲሆንስ በይው። በማስመሪያ ያሰመረው መስመር ላይ ዋይ −0.5 ነው። በእኩልታው ያስላው፤ 2.25 − 6 + 3፣ −0.75 ይመጣል። አልተስማሙም። እዚህ ላይ እኔ አልቸኩልም። ልጁ ራሱ አስልቶ፣ ራሱ አዲሱን ነጥብ ከመስመሩ ዝቅ አድርጎ እስኪያስቀምጥ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። 0.5ንም ይሞክር፤ መስመሩ 1.5 ይላል፣ እኩልታው 1.25። ከዚያ በኋላ ማስመሪያውን ተው ማለት አያስፈልግሽም። መስመሩ እየጎበጠ እንደሚሄድ በእጁ ያየዋል።

እናንተ ኮምቦልቻ ስለሆናችሁ ለተማሪዎቼ የምነግራቸውን ምሳሌ ልጨምርልሽ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱን 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንበለው። አግድሙ ዘንግ ላይ ኪሎ ሜትሩን፣ ቋሚው ላይ ከፍታውን እንጻፍ። ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኛቸው በየኪሎ ሜትሩ 26 ሜትር የሚወርድ መስመር ይወጣል። ስሎፑ፣ ማለትም የመስመሩ ተዳፋት፣ −26 ነው ማለት ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በታክሲ የወረደ ሰው ግን መንገዱ እንደዚያ እኩል እንደማይወርድ ያውቃል። ሁለቱ ጫፎች ልክ ናቸው፤ መሃሉን ግን ማስመሪያው አያውቀውም። መነሻችን ኮምቦልቻ ቢሆንስ ስላቸው ደግሞ "ፖዘቲቭ ይሆናል" ይላሉ፤ የስሎፕ ምልክት የሚገባቸውም ያኔ ነው።

ማስመሪያ የሚያገለግለው እንደ ዋይ = 2ኤክስ + 1 ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ለሆነው ነው። ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፣ ሦስተኛው ለማረጋገጫ። ባለ ካሬ ወረቀት ግዢለት፤ የዘንጎቹ ክፍተት እኩል ካልሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ቀን ዋይ = 1/ኤክስ ይመጣበታል። በእሱ ብዙ ልጆች ይወድቃሉ። ሠንጠረዡ −2፣ −1፣ 1፣ 2 ብቻ ከያዘ (−1፣ −1)ን ከ(1፣ 1) ጋር ያገናኙና መስመሩ በ0 ላይ ያልፋል። በ0 ማካፈል ደግሞ የለም። 0.5 ያስገባ፣ 2 ይመጣል። 0.1 ያስገባ፣ 10። ወደ 0 በተጠጋ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። በኔጌቲቩ በኩል ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል። ግራፉ የማይገናኙ ሁለት ቁራጮች ነው።

ለዛሬ ማታ ግን 1.5ን ብቻ አሠሪው። የሚስለውን አዲስ ግራፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።