የፒክ አፑ ጣሪያ ለምን አሸዋ ሆነ? ካሶኒውስ ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂያችን በ1 ለ 24 መጠን የተሠራ የፕላስቲክ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ሞዴል ቆርጦ ሲንግል ጋቢና አድርጎታል። ካሶኒውን (የኋላውን የጭነት ሳጥን) ደግሞ ከስስ ፕላስቲክ አጥፎ አስረዝሞታል። መጋጠሚያውን ከቱቦ በሚወጣ ስቱኮ ደፈነ፤ ከዚያ ከመኪና ቀለም መሸጫ በገዛው ነጭ ስፕሬይ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቀባው። አሁን ጣሪያው ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ካሶኒው የታጠፈበት ቦታ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የመጋጠሚያው መስመር ከቀለሙ ሥር ብቅ አለ። «ቀለሙ መጥፎ ይሆን? ሁሉንም ልጬ እንደ አዲስ ልጀምር?» ይላል።

ወንድሜ፣ ቀለሙን አትውቀሰው፤ ሁሉንም መላጥም አያስፈልግህም። የነገርከን አንድ ችግር ሳይሆን ሦስት የተለያየ ችግር ነው። የጣሪያው ችግር ከሙቀቱ፣ የካሶኒው ከፕላስቲኩ፣ የመስመሩ ከስቱኮው የመጣ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ከስፕሬዩ የሚወጣው ጠብታ ቀለምም ቲነርም የያዘ ነው። ጠብታው ርጥብ ሆኖ ከደረሰ ይዘረጋና ለስላሳ ይሆናል። በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ ነፋስ ባለበት በረንዳ፣ ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት ስትረጭ ግን ቲነሩ አየር ላይ ተኖ ያልቃል፤ ሞዴሉ ላይ የሚያርፈው የደረቀ ዱቄት ነው። ጣሪያው የባሰበት ጎኖቹን ስትረጭ የተበተነው ትርፍ ቀለም ጋደም ባለው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ ጣሪያውና ኮፋኖው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይረጫሉ። ይህን ለማስተካከል ቀለሙ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ጣሪያውን 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ነክረህ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ፣ ሻካራነቱ እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ እሸው። ጠርዝ ጠርዙን አትጫን፤ ቀለሙ ቶሎ አልቆ ፕላስቲኩ የሚገለጠው እዚያ ነው። ከዚያ እንደገና ትረጨዋለህ።

የካሶኒው ነገር ግን ጠለቅ ይላል። ስስ ፕላስቲክ ቀዝቃዛ እንዳለ ታጥፎ በሙጫ ሲያዝ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል፤ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። የመኪና ስፕሬይ ቲነር ደግሞ ይህን ዓይነት ፕላስቲክ የሚያሟሟ ነገር አለው። ፕላስቲኩ ካልተወጠረ ቲነሩ ላዩን ትንሽ ነክቶት ይተናል፤ ከተወጠረ ግን ቲነሩ እንደነካው ይከፈታል። ስንጥቆቹን በማጉያ መነጽር ተመልከታቸው፦ እጥፋቱን ተከትለው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ። ይህ ከታየህ ስንጥቁ የቀለሙ ሳይሆን የፕላስቲኩ ነው፤ ቀለሙን ብትልጥም አይጠፋም። በላዩ ደጋግመህ ብትቀባ ደግሞ አዲሱ ቲነር በዚያው ስንጥቅ ገብቶ ያሰፋዋል።

እኔ የምመክርህ የታጠፉትን ክፍሎች አውጥተህ በአዲስ እንድትተካ ነው። የሚጠፋው የመዳፍ ያህል ፕላስቲክ ነው፤ ስንጥቁን ለመድፈን የምታጠፋው ጊዜ ይበልጣል። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ውሰድ። ከተጣለ ዕቃ የምትቆርጥ ከሆነ ሥሩን ገልብጠህ እይ፤ በሦስት ማዕዘኑ ምልክት ውስጥ 6 ቁጥር ካለ ከሞዴልህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በሞዴል ሙጫ ይያያዛል። 5 ቁጥር ያለው አይያያዝም፤ ቀለምም አይዝም። ከምትፈልገው ክብ ትንሽ ጠበብ ባለ ቧንቧ ወይም የእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ጠቅልለህ በወረቀት ፕላስተር እሰረው። ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይዘኸው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። ድሬዳዋ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለስስ ፕላስቲክ ይበቃል። ስትፈታው ቅርጹን ይዞ ከቀረ ውጥረቱ ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥ ያለውን ጥግ ግን ከነጭራሹ አትጠፈው፤ ሁለት ቁራጭ አጋጥመህ ከውስጥ በኩል ቀጭን ዘንግ ለጥፍበት።

ልኩንም በዚህ አጋጣሚ ፈትሸው። 2.4 ሜትር ካሶኒ በ1 ለ 24 ልክ 100 ሚሊሜትር ነው። ካሶኒ ሲረዝም የኋላው ቸርኬ ቦታም አብሮ መሄድ አለበት፤ ሻንሲውን ሳታስረዝም ካሶኒውን ብቻ ካስረዘምክ ጭራው ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ ሳይጭን የተንጋለለ መኪና ይመስላል።

ወደ መስመሩ እንመለስ። ከቱቦ የሚወጣው ስቱኮ የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው፤ ሲተን ደግሞ ይሰበሰባል። ላዩ በአንድ ሰዓት ይደርቅና ውስጡ ለቀናት መሰብሰቡን ይቀጥላል። አንተ ላዩን አይተህ አሸኸው፣ ቀባኸው፣ እሱ ከሥር ወረደ። የተቆረጠ ጋቢና ለመግጠም መጀመሪያ ከውስጥ በኩል 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በመጋጠሚያው ላይ ለጥፍ፤ ስፌቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ሙጫው ያለሰለሰው ፕላስቲክ ራሱ ስለሚሰበሰብ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ከቻልክ ሳምንት ተወው። ከዚያ ክፍተቱን በሱፐር ግሉና በሕፃን ፓውደር ሙላው፤ ሁለቱን ለውሰህ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ትቀባዋለህ። ይህ አይሰበሰብም። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እሸው፤ ለነገ ካሳደርከው ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ብርጭቆ ወረቀቱ ዳርና ዳሩን እየበላ እሱን ጉብታ አድርጎ ይተወዋል። ሰፊ ጉድጓድ ካለ የጋራዡ ባለ ሁለት ድብልቅ ስቱኮ ይሻላል፤ የባቄላ ፍሬ ያህል ስቱኮ ከክብሪት ራስ ባነሰ ማድረቂያ። ማድረቂያው ከበዛ በዚህ ሙቀት እጅህ ላይ ይደርቃል፤ ይባስ ብሎ በነጭ ቀለም ሥር ቢጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ወፍራም አድርገህም አትጫነው፤ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ስሱን ፕላስቲክ ያጣምመዋል።

ማሸቱን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ በ600 ጨርስና ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ሽፋን) ርጭበት። ግራጫው የሚደብቅ ሳይሆን የሚያጋልጥ ነው፤ ነጭ ላይ የማይታይህ ጭረት ግራጫ ላይ ይታይሃል። ጉድለት ካየህ ደፍነህ፣ አሽተህ፣ እንደገና ፕራይመር። የበሩንና የኮፋኖውን መስመር ግን ከፕራይመር በፊት በምላጭ ጀርባ ጥቂት አጥልቀው። እውነተኛ መኪና ላይ 5 ሚሊሜትር የሆነ የበር ክፍተት በሞዴሉ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ወፍራም ቀለም ይውጠዋል።

ለመርጨት የድሬዳዋ ምርጥ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሙቀቱም ነፋሱም ገና አልተነሱም። ሞዴሉን ማታ በሳሙና እጠበውና ውሃው በራሱ ይድረቅ። በደረቅ ጨርቅ አትወልውለው፤ በደረቅ አየር የታሸ ፕላስቲክ አቧራ እየሳበ ይሰበስባል። ወለሉን ውሃ እርጨው። ስፕሬዩን ጥላ ውስጥ አሳድረው፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም፣ ይፈነዳል። ሁለት ደቂቃ ከበጠበጥክ በኋላ ከ15 ሳንቲሜትር ርቀት ርጭ። እጅህ ከሞዴሉ ውጪ ይጀምር፣ ሞዴሉን አልፎ ይቁም። ፕራይመሩም የመጀመሪያው ቀለምም ብናኝ ብቻ ይሁን፤ ፕላስቲኩን ከቲነር የሚጠብቀው ያ ስስ ሽፋን ነው። በየመሐሉ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ሁለት ብናኝ፣ ከዚያ አንድ ርጥብ፤ ርጥቡ እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭ ቁም። እንደጨረስክ ንጹሕ ሳፋ ድፋበት። ካርቶን አትጠቀም፣ ብናኙ ይወድቅበታል።

አንዳንድ ሰው ለአንጸባራቂነት የጋራዡን ባለ ማድረቂያ ክሊር (በቀለም ላይ የሚረጭ ቀለም አልባ ሽፋን) ይመክርሃል። እባክህ ቤት ውስጥ አትንካው። ማድረቂያው ሳንባን ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክም አያስቆመውም። የቆርቆሮው ክሊር ሁለት ስስ ሽፋን ይበቃሃል።

ሐረር ወጥተህ ለመቀባት ካሰብክ እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ቀለሙ ለመዘርጋት ጊዜ ያገኛል፤ በክረምት ግን ዝናብ ባለበት ሰዓት አትርጭ፣ እርጥበቱ ክሊሩን ወተት ያስመስለዋል። እግረ መንገድህን የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ልብ ብለህ እያቸው፤ ያረጀ ቀለም መጀመሪያ የሚደበዝዘው ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ጣሪያና ኮፋኖ ላይ እንደሆነ ከነሱ የተሻለ የሚያስተምርህ የለም። ፒክ አፕህን ያገለገለ ለማስመሰል ስትፈልግ ይጠቅምሃል።

ለአቧራውም ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አታምጣ። ሩብ ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በ1 ለ 24 የ6 ሚሊሜትር ጠጠር ትሆናለች። መስኮት ደፍ ላይ የተኛውን ልም አቧራ በሴት ስቶኪንግ ንፋው፤ በለስላሳ ብሩሽ ከፓራፋንጎው ሥርና ከካሶኒው ወለል ጀምር። ከዚያ ማት (የማያብለጨልጭ) ክሊር በስሱ ርጭበት፤ ክሊሩ ግማሹን አቧራ ስለሚያደበዝዘው መጀመሪያ ከምትፈልገው ትንሽ አብዛው።