ባሕር ዛፉን ከመሸጥህ በፊት

ጎጃም ውስጥ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ ለምትጽፉ ልጆቼ፣

በቅርቡ ከቢቸና አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጨርሶ፣ በኮምፒውተር አስጽፎ፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ተቀብሏል። «እትዬ፣ የጠየቁኝ ብር የለኝም፤ አባቴ ግን ከጓሯችን ያለውን ባሕር ዛፍ ሽጠህ አሳትም ብሎኛል። ምን ይሉኛል?» አለኝ። ነገ ልደውልልህ ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱም ደወልኩለት፤ ነገር ግን የነገርኩት ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረውን ለእሱም ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ አሳታሚ ድርጅት በአራሚነት ነበር። ያኔ ሳንሱር ያላለፈ ረቂቅ ማተሚያ ቤት አይገባም። ሳንሱርን የማወድስ እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱን ጥሩ ምዕራፍ እንደበላ የምናውቅ እናውቃለን። ሆኖም ደራሲ ረቂቁን ይዞ ሲመጣ የሚያነብለት ገምጋሚ፣ የሚቆርጥለት አርታኢ፣ ስሕተት የሚለቅምለት አራሚ፣ መጋዘንና መሸጫም ነበረው። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ሳንሱርን ሲያስቀር እሰይ ብለን ተቀበልን። ሳንሱሩ ሲሄድ ግን አርታኢውም ተከትሎት ሄደ። ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ረቂቁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ሮጠ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ ተወለድኩበት ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፈትኩ።

እኚያ ሰው ወደ መደብሬ የመጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ ክረምት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ። ደብረ ወርቅ አካባቢ አማርኛ የሚያስተምሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ደብተሮች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «የመጽሐፍ ሰው ነሽ ብለውኛል፤ አንብቢልኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መካከለኛ መጽሐፍ ነው። ሠርጉ ተንዛዝቷል፤ ክፉው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ክፉ ነው፤ ፍቅረኞቹ ሲያወሩ እንደ ሰባኪ ያወራሉ። የመሬት ሙግቱ ላይ ሲደርሱ ግን እጅን በአፍ ያስጭናሉ። ዳኛ፣ ምስክር፣ ዋስ፣ ሁሉም በየአንደበቱ ይናገራል። እንዲቆርጡ ነገርኳቸው። ከፊሉን ቆረጡ፤ ከፊሉን «ይህማ አባቴ ያወጋኝ ነው» ብለው እንዳለ ተዉት።

ከዚያ ለቤት ማደሻ ብለው ለዓመታት የጠበቁትን ባሕር ዛፍ ሸጡና 3,000 ቅጂ አሳተሙ።

ማተሚያ ቤቱ የድርሻውን በወጉ ሠርቷል፤ በእሱ ላይ ወቀሳ የለኝም። የማተሚያ ቤት ሥራ ማተም፣ ማጠፍ፣ መጠረዝና በሩ ላይ ማስረከብ ነው። መጽሐፉ ገዢ ይኑረው አይኑረው የእሱ ጉዳይ አይደለም። መምህሩ ግን ማተሚያ ቤትና አሳታሚ አንድ መስለዋቸው ነበር። ራሳቸው ማደሪያ ባልነበራቸው ከተማ 3,000 መጽሐፍ ተረክበው ቆሙ። በዚያው ቀን አንድ አከፋፋይ መኪና ይዞ ደረሰላቸው፤ የእግዜር መልእክተኛ መሰላቸው። «ሲሸጥ እከፍላለሁ» አለ። የሰጣቸው ወረቀት ላይ «ተረክቤያለሁ» የሚል ቃልና ፊርማ አለ። ስንት ቅጂ፣ በምን ያህል ቅናሽ፣ እስከ መቼ፣ የሚል ነገር የለም።

መጽሐፉ ደግሞ ተሸጠ። አዲስ አበባ አዟሪዎች እጅ ላይ ታየ፤ ባሕር ዳር ተማሪዎች እየተዋዋሱ አነበቡት አሉ። እኔ መደብር ግን አንድም ቅጂ የለም። ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከደምበጫ የመጡ ሰዎች ይጠይቁኛል። አከፋፋዩ ጋ እየደወልኩ ላክልኝ ስለው «ወደዚያ የሚሄድ ጭነት አላገኘሁም» ይለኛል። ታሪኩ የተፈጸመበት አገር ሰው መጽሐፉን አጥቶ ቀረ። በመጨረሻ መምህሩ ለራሳቸው ያስቀሯትን ጥቂት ቅጂ በማዳበሪያ ከረጢት ከትተው፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው አመጡልኝ። ሳምንት ሳትቆይ አለቀች።

ያን ዕለት አውቶቡሱ ዘግይቶ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። እዚያ ነው ሁለተኛውን መጽሐፋቸውን የነገሩኝ። ወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ በሐሳባቸው አልቋል። ድልድይ ሳይሠራ በፊት በአንድ የዓባይ መልካ ላይ ነጋዴና ዕቃ የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። የጎጃሙም የሸዋውም ዳር ሰው ያለ እሱ አይሻገርም፤ የጎጃሙም የሸዋውም ዳር ሰው አያምነውም። በዚህኛው ዳር ያየውን በዚያኛው አይናገርም፤ ዝም በማለቱ ግን ሁለቱም ይጠረጥሩታል። አንድ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሙሽራ አሻግር ይሉታል። መሐል ወንዝ ሲደርሱ ልጅቱ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «ምን አለችው?» አልኩ፤ ሻዬ ቀዝቅዟል። መምህሩ ሳቁ። «እሱን ስጽፈው ታነቢዋለሽ። ይህ ሰውዬ ገንዘቤን ይክፈለኝና ክረምቱን ተቀምጬ እጽፈዋለሁ» አሉኝ።

አልከፈላቸውም። መጀመሪያ «አልተሸጠም» አለ፤ ቀጥሎ «ክፍለ ሀገር ያሉት አልከፈሉኝም»፤ ቀጥሎ ስልኩ መነሣት ተወ። ጥቂት ብር አልፎ አልፎ ሰጥቷቸዋል፤ እሷንም የአውቶቡስና የአልጋ ወጪ ጨረሳት። እንዳይከሱት ማስረጃቸው ያቺ «ተረክቤያለሁ» ናት። ከዚያ ማታ ማታ ተማሪ ማስጠናት ጀመሩ። «ልጆቼን ላድርስበት፤ መጻፉ ይቆየኝ» አሉ። ቆየ። ጡረታ ወጡ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ባገኘኋቸው ቁጥር ሙሽራዋ ምን ጠየቀችው እላቸው ነበር። አንድ ጊዜ «እኔም ረሳሁት» አሉኝ። አላመንኳቸውም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ገንዘብ መበላቱ አይደለም የሚቆጨኝ። የተበላ ገንዘብ በዚህ ሙያ ብዙ አይቻለሁ። የሚቆጨኝ ሁለተኛው ነው፤ ከመጀመሪያው በብዙ እጅ የሚበልጠው፣ እኔ ግማሹን ብቻ የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ አሳታሚ ጥሩ ነው መጥፎ ሲሉኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእሱ ጋር የሠራ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፈ ወይ?

አከፋፋዩን ብቻ ወንበዴ አድርጌ ባልፍ ይቀለኝ ነበር። መደብር ይዤ ስኖር ያየሁት ግን ገንዘቡ ከአንባቢ ኪስ ወጥቶ ደራሲው ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ ዕዳ እንዳለባቸው ነው። አዟሪው ለመደብሩ፣ መደብሩ ለአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ ለመጋዘን ኪራዩ። ሁሉም በዱቤ ነው የሚኖረው፤ የመጨረሻው ተከፋይ ደራሲው ነው።

ስለዚህ ለቢቸናው ልጅ መጀመሪያ ያልኩት «እርሳስ ያዝ» ነው። እንበል 1,000 ቅጂ ታሳትማለህ፤ አንዱ ቅጂ ለኅትመት 180 ብር ይፈጃል፤ ዋጋው 400 ብር ተባለ። አከፋፋዩና መደብሩ አንድ ላይ 40 በመቶ ቢወስዱ ለአንተ 240 ብር ይደርሳል። ለኅትመት ያወጣኸው 180,000 ብር ነው። እሱን ለመመለስ 750 ቅጂ መሸጥ ብቻ ሳይሆን የ750ውም ገንዘብ እጅህ መግባት አለበት። ትርፍ የምትለው ከ751ኛው ይጀምራል። ልጁ ዝም አለ። ለምርቃት አዳራሽ፣ ለሽፋን ሠዓሊ፣ በስጦታ ለሚወሰደው ደግሞ አልቆጠርንም። ወረቀትና ቀለም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፤ በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የዛሬ ፕሮፎርማ ለከርሞ ቀርቶ ለሚቀጥለው ወርም አይታመንም።

እዚህ ላይ አርታኢ ገንዘብ እንደሚያድንም ልንገራችሁ፤ ደራሲዎች የሚሰሙኝ በዚህ በኩል ስመጣ ነው። ትልቁ ወረቀት ታጥፎ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። 208 ገጽ ላይ የሚያልቀው መጽሐፍ ተንዛዝቶ 210 ሲሆን ለሁለት ገጽ ብለህ ተጨማሪ እጥፋት ትከፍላለህ፤ ያውም በየቅጂው። ያንን ሠርግ ቁረጠው።

በብራና ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። በብራና መጻሕፍት ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ለሰማው ምሕረት የሚለምን ጸሎት ታገኛላችሁ። አጻፊው ብራናውንና የጸሐፊውን ድካም ዋጋ ይችላል፤ ጸሐፊው መጽሐፉን ተሸክሞ ገበያ ለገበያ አይዞርም። አሳታሚ ማለት ለእኔ ያ አጻፊ ነው። ወጪውን የሚችል፣ ስሙ ከጸሐፊው ስም አጠገብ የሚነሣ፣ ሥራውም ለአንባቢና ለሰሚ እስኪደርስ የሚጨነቅ። ገንዘቡን ከአንተ ተቀብሎ ስሙን ሽፋኑ ላይ የሚለጥፍ ሰው አሳታሚ አይደለም፤ ደላላ ነው። በራስህ ገንዘብ አታሳትም የምለውም ለዚህ ነው።

ይህን ስል አገራችን ውስጥ ከወደድኳቸው መጻሕፍት ስንቶቹ ደራሲዎቻቸው በደመወዛቸውና በብድር ያሳተሟቸው እንደሆኑ አጥቼው አይደለም። አጻፊ እስኪገኝ ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬም ሣጥን ውስጥ ነበሩ። እኔም የዚያን ዋናተኛ ታሪክ የመሰለ ረቂቅ ቢኖረኝ የአንገቴን ወርቅ ሳልሸጥ አላድርም። እንግዲህ ምን ትሆኑ፤ ሁለቱንም አምናለሁ።

ሕጉን ግን እወቁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይቀር ስለ ማሳተም ውል ደንግጓል። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ ይናገራል። ልጆቻችሁ የሚወርሱት ሀብት ነው ማለት ነው። «ጠቅልዬ ልግዛህ» ለሚላችሁ በዚያች ቀን ችግር አትሸጡት። ለስንተኛ እትም፣ ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ያልተሸጠው ቅጂ መቼ ተቆጥሮ እንደሚመለስ ይጻፍ። በድምፅ ቢተረክ ድርሻው የማን እንደሆነ ለብቻው ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በ1958 የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ ከእኔ ይበልጥ ታውቀው ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ቡና አስፈልታ፣ ጎረቤት ጠርታ ነው የሰማችው። ትረካው ባለበት ሰዓት ቤታችን ውስጥ ማስነጠስ ክልክል ነበር። ዛሬ ሬዲዮኑ ስልካችሁ ውስጥ ገብቷል፤ ውላችሁ ውስጥ ግን አልገባም።

ብዙ አንብቡ የሚለውን ምክር አልጽፍም። ሳያነብ የሚጽፍ ሰው ይህን ደብዳቤም አያነበውም።

የአሁን ልጆች ትቸኩላላችሁ። ረቂቁ ሳይታረም የምርቃት አዳራሽ ትይዛላችሁ፤ ሽፋኑ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ የምስጋናው ገጽ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይረዝማል። የሌላውን ደራሲ መጽሐፍ በቴሌግራም በነፃ ታወርዱና የእናንተው ሲወርድ ታለቅሳላችሁ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ መዋላችሁም ያናድደኛል። በሌላ በኩል እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንዲት ልጅ አለች፤ መደብር የላትም፣ መጋዘን የላትም። መጽሐፍ በስልኳ ታስተዋውቃለች፣ ብሩን በሞባይል ትቀበላለች፣ ከዚያ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ ትልካለች። ገንዘቡ ሳይገባ መጽሐፉ አይወጣም። ደራሲው ጋ የሚደርሰውን በየሳምንቱ ትልካለች። ሕይወቴን ሙሉ ካየኋቸው አከፋፋዮች እሷን የሚያህል አላገኘሁም። ዕድሜዋን ብጠይቃት ገና ተማሪ ናት። ለቢቸናው ልጅ የእሷን ስልክ ሰጥቼዋለሁ፤ ባሕር ዛፉ ሳይቆረጥ አስቀድሞ ከቢቸናና ከአካባቢዋ ገዢ እንዲመዘግብ፣ የተመዘገበውን አይቶ የቅጂውን ቁጥር እንዲወስን። ምናልባት 300 ይበቃው ይሆናል።

ወደ እኔም የምትመጡ ካላችሁ ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የሚሰጠውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ሳታወጡ አትምጡ። የርክክብ ሰነድ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ ብዛቱ፣ ቅናሹ፣ ቀኑና የመክፈያ ጊዜው ይስፈርበት፤ አንዱ እናንተ ጋ ይቀራል። ማክሰኞ ከሰዓት ዝግ ነው።