የሴቶች ጺምና የሰውነት ፀጉር፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት በአገጭ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ በደረትና በሆድ ላይ ስለሚበቅል ጠቆር ጠንከር ያለ ፀጉር ይጠይቃሉ። ሐኪሞች ሂርሱቲዝም ይሉታል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ስማቸውን አልጻፉም። ጉዳዩን ደብቆ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ከደብዳቤዎቹ ይታያል፤ ስለዚህ በግልጽ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የዘመኑ ምግብና መድኃኒት ያመጣው ነው፣ ድሮ አልነበረም ይሉኛል። እውነት ነው?»

ድሮም ነበር። የሂፖክራተስን ስም በያዙት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አብዴራ በምትባል ከተማ ትኖር የነበረች የፋኤቱሳ ታሪክ አለ። ልጆች የወለደች ሴት ናት። ባሏ ከተሰደደ በኋላ የወር አበባዋ ቀረ፤ ሰውነቷ ፀጉር ለበሰ፣ ጺም አበቀለች፣ ድምፅዋ ሻከረ። ሐኪሞቹ የወር አበባዋን ለመመለስ ብዙ ቢደክሙም ሳትቆይ ሞተች። በ1631 ደግሞ ሠዓሊው ሁሴፔ ዴ ሪቤራ ኔፕልስ ውስጥ ማግዳሌና ቬንቱራን ከነጺሟ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ሥሏታል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ዕድሜዋ 52 እንደነበር፣ ጺሙ የጀመራት ግን በ37 ዓመቷ እንደሆነ ይናገራል።

የፋኤቱሳን ነገር ያነሣሁት በምክንያት ነው። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅም ከጎረነነ፣ የእንቁላል እጢ ወይም ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል እጢ ዕባጭ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አያራዝሙ።

«ለፀጉሩ ብዬ ሄጄ ሐኪሜ የስኳር ምርመራ አዘዘልኝ። ምን አገናኛቸው?»

ሐኪምዎ ልክ ነው። በ1921 ፓሪስ ውስጥ አሻርና ቲዬር የተባሉ ሐኪሞች «የጺማም ሴቶች የስኳር በሽታ» ሲሉ ጽፈው ነበር። በ1935 ቺካጎ ላይ ስታይንና ሌቨንታል 7 ሴቶችን ገለጹ፤ የእንቁላል እጢያቸው አብጦ በትናንሽ ፈሳሽ ቋጠሮዎች ተሞልቷል፣ የወር አበባቸው ተዛብቷል፣ አንዳንዶቹም ፀጉር በዝቶባቸዋል። ዛሬ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የምንለው፣ ለሂርሱቲዝም ዋነኛው ምክንያት፣ ይህ ነው። በ1980 ደግሞ በዚህ ችግር በተያዙ ሴቶች ላይ ኢንሱሊን (በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረው ሆርሞን) እና የወንዴ ሆርሞኖች አብረው ከፍ እንደሚሉ አሜሪካ ውስጥ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት ጨምሮ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን የእንቁላል እጢን ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንዴ ሆርሞን በብዛት እንድታመርት ይገፋፋል። ይኸው ኢንሱሊን ጉበት ቴስቶስትሮንን በደም ውስጥ ይዞ የሚያቆየውን ፕሮቲን በብዛት እንዳያመርት ያደርጋል። ያልተያዘው ቴስቶስትሮን የፀጉሩ ሥር ሲደርስ ወደ በረታ ሆርሞን ይለወጥና ለስላሳውን ፀጉር ወፍራምና ጥቁር ያደርገዋል። ፍንጩ በ1921 ተጽፎ እያለ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስንት ሴት «የውበት ጉዳይ ነው» ተብላ ተመልሳ ይሆን? ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ሁሉም ግን በዚህ አይመጣም። የወር አበባቸውም ሆርሞናቸውም ደህና ሆኖ ፀጉሩ የሚበዛባቸው ሴቶች አሉ።

«መላጨት ፀጉሩን ያወፍረዋል?»

አያወፍረውም። አሜሪካዊቷ የሰውነት አካላት ተመራማሪ ሚልድሬድ ትሮተር ይህን በ1928 መርምራ አሳይታለች። ምላጩ የሚነካው ከቆዳ በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ደንደን ስለሚል ነው ሲዳሰስ የሚሻክረው።

«ድሮ ፀጉር በራጅ ያስነቅሉ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

አዎ፣ ያሳዝናል ግን እውነት ነው። ራጅ በተገኘ በዓመቱ፣ በ1896፣ ሊዮፖልድ ፍሮይንድ ቪየና ውስጥ ጀርባዋ ላይ ፀጉራም ምልክት ያላትን ሕፃን በጨረር አከማት። ፀጉሩ ረገፈ፤ ቆዳዋ ግን ቆሰለ። እንዲያም ሆኖ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የውበት ሳሎኖች ሳይቀሩ ጨረሩን በሴቶች ፊት ላይ ተጠቀሙበት። ሕመም የለውም፣ ፀጉሩም ይረግፋል፣ ስለዚህ ብዙዎች ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ቆዳው ተሸበሸበ፣ ቆሰለ፣ አንዳንዱም ካንሰር ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያም ታሊየም የተባለ መርዝ ያለበት ክሬም ተሽጦ የብዙ ሴቶችን ነርቭ ጎድቷል።

እነዚህን ሴቶች «ለውበት ብለው» የሚል ሰው ስሰማ አልስማማም። ጭንቀታቸውን የሚሰማ ቢያጡ ነው እዚያ የሄዱት።

«19 ዓመቴ ነው። ካርዴ ላይ 11 ተጽፏል። በጣም ታምሜያለሁ ማለት ነው?»

አይደለም እህቴ። ቁጥሩ የፀጉሩን ብዛት የሚያሳይ ነጥብ ነው፤ አሰጣጡን በ1961 ለንደን ውስጥ ፌሪማንና ጋልዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች አወጡት። አሁን የሚታዩት 9 የሰውነት ክፍሎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጥና ይደመራል። ብዙ ጊዜ 8 እና ከዚያ በላይ ሂርሱቲዝም ይባላል፣ መነሻው ግን እንደየሕዝቡ ይለያያል። የበሽታ ክብደት መለኪያ አይደለም፤ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለማነጻጸር ይጠቅማል። ከምርመራው በፊት ፀጉሩን ካነሣሽው ቁጥሩ ዝቅ ይላልና ለሐኪምሽ ንገሪ።

«ግፊት የለብኝም፣ ግን የግፊት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ተሳስተው ይሆን?»

ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ አልተሳሳቱም። ለግፊት ስትወስደው የነበረች አንዲት ሴት የፊቷ ፀጉር መቀነሱ በ1978 ከተዘገበ ወዲህ ለዚህም ይታዘዛል። የወንዴ ሆርሞን በፀጉሩ ሥር እንዳይሠራ ይከለክላል። ፀጉር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለውጡ እስኪታይ 6 ወር ያህል ይፈጃል፤ በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጠው አያቋርጡት። በማኅፀን ያለ ወንድ ልጅን ዕድገት ሊያውክ ስለሚችል ግን እየወሰዱ ማርገዝ የለብዎትም፤ ልጅ ካሰቡ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት።